የታሳላ ዓይናማ ባል

ታሳላ ዓይናማ ወንድ ሁለተኛ አላገባም ብላ የማለችው ቁርኣን ይዛ ነው። በእኛ ሰፈር መሐላ እንደ ቀልድ አይታይም። ዓይን ያለው ባል ስጠን እያለ አላህን የሚያስቸግር ስንት ሰው ባለበት፣ እሷ ገና ሳይሰጣት መለሰችው። ሴቶቹ «ምነው ታሳላ፣ የሰውየው ዓይን ምን አደረገሽ?» ሲሏት «ዓይኑማ ምን ያድርግ፣ ሥራውን ነው የሠራው» ትላለች። ከዚያ ወደ ገመዷ ትመለሳለች።

ሰፈራችን በዛሪያ አሮጌው ከተማ፣ ከአፈር ግንቡ ጥግ ነው። ዓይነ ስውራን የሚሉን ከራዲዮ ጣቢያና ከመንግሥት ቤት የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ እኛ እርስ በርሳችን ዕውር ነው የምንባባለው፣ ማንም አይቀየምም። አለቃ አለን፣ ሸካራው የሚባሉ፤ ማዕረጋቸው ሳርኪን ማካፊ ነው፣ የዕውሮች ሹም ማለት ነው። አማካሪዎች አሏቸው፣ ዳኛ አላቸው፣ ችሎት የሚቀመጡበት ምንጣፍ አላቸው። ዓይናሞች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ይሳቁ። ፍርድ ቤት ሄደን ምስክር ስንቆም «አይተሃል ወይ?» ብለው የሚያሳፍሩን እነሱ አይደሉም? እኛ ጋ ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ሰምተሃል ወይ? ዳስሰሃል ወይ?» ነው የሚባለው።

ሰው ወደዚህ ሰፈር የሚመጣው ወይ ርቦት ወይ ተገፍቶ ነው። ታሳላ ግን ጠግባ እየበላች፣ ደህና ለብሳ፣ ደክሟት መጣች። ኩፍኝ ዓይኗን ሲወስደው ገና አፏን በቅጡ አልፈታችም ነበር። እናቷ ቅጠል ጨምቃ ብታንጠባጥብባትም፣ የመንደሩ ማለም፣ የቁርኣን መምህሩ ማለት ነው፣ የቁርኣን ቃል ጽፎ ያጠበውን ውሃ ብታጠጣትም የሄደው አልተመለሰም። አባቷ ኦቾሎኒ አራሽ ነበር። ዕውር ልጅ ጥሎሽ አታመጣም፤ ቤት ብትቀመጥም የሚበላ አፍ ናት። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ለአንድ የጨርቅ ነጋዴ በሰደቃ ሰጣት። ሰደቃ ማለት ያለ ጥሎሽ፣ ለነፍስ ይሁነኝ ተብሎ የሚሰጥ ነው፤ ገንፎም እንዲህ ይሰጣል፣ ያረጀ ልብስም እንዲህ ይሰጣል።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ራሷ ታሳላ ናት የምትለው። አልመታትም፣ አላስራባትም፣ ከሌሎቹ ሚስቶቹ አሳንሶ አላለበሳትም። ችግሩ ማየቱ ነበር። ለስላሳ ጫማ ነበረው፤ ኮቴውን አጥፍቶ ይገባና ስትበላ፣ ስትታጠብ፣ ፀጉሯን ስትፈታ ቆሞ ያያታል። እንደነበረ የምታውቀው ከወጣ በኋላ ነው፣ ሽቶው ክፍሉ ውስጥ ሲቀር። መጀመሪያ ፍቅር መስሏት ዝም አለች። አንድ ቀን ግን ሽታው ሁለት ሆነ። እንግዳ ይዞባት መጥቶ ነበር፤ ዕውር ሴት ገንፎ ስትጎርስ እጇ አፏን እንደማይስት ሊያሳየው። እንግዳው ሳቀ። ታሳላ በእጇ የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ዱላዋን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው የዕውሮች ሰፈር በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችው።

«ባል የለሽም እንዴ?» አላት ሰውየው ልብሷን አይቶ።

«አለኝ። ለዚህ እኮ ነው የምጠይቅህ» አለችው።

እኛ ጋ አንድ ሕግ አለ፤ አለቃ ሸካራው ከአያታቸው የወረሱት ነው። ወደ ሰው ቤት ወይም ወደ ችሎት የሚገባ ሁሉ ከሰላምታው በፊት ስሙን ይናገራል። ስሙን ያልተናገረ እንዳልገባ ይቆጠራል፤ ሰላምታውን የሚመልስለት፣ ምንጣፍ የሚለቅለት የለም። ሳይናገር ቆሞ ሲያዳምጥ የተገኘ ጎሮ የሚባለውን መራራ ፍሬ ገዝቶ ለሁሉም ያድላል፣ ይቅርታም ይጠይቃል። ባልም ሚስቱ ወዳለችበት ክፍል ሲገባ ስሙን ይናገራል። ታሳላ ይህን ሕግ የሰማች ዕለት እዚያው የአለቃው ሚስት ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላ እስከ አስር ሰዓት ተኛች። አሮጊቶቹ የሞተች መስሏቸው አፍንጫዋ ሥር እጃቸውን አስጠግተው ትንፋሿን አዳምጠዋል።

ነጋዴው ፍቺዋን ላከላት፤ ከዚያ ገመድ መግመድ ተማረች። ቃጫውን ዘፍዝፋ፣ ደብድባ፣ ጭኗ ላይ እየፈተለች ትገምዳለች። የእሷ ገመድ ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዱበት አይበጠስም፤ ዓይናሞቹም ይህን ያውቃሉ። ጆሮዋ ደግሞ ለብቻው ነው። ሌሎቻችን ሰው ሲመጣ እንሰማለን፤ ለእሷ ግን ሰውየው ተናድዶ ይሁን ተርቦ ኮቴው ይነግራታል። ሰፈሩ ውስጥ ሰማሁ ካለች ተሰምቷል፣ አልሰማሁም ካለች የለም ነው።

ባራውን ያገኘችው ብዙ ዘግይታ ነው። ማለም ባራው በሌላ ከተማ የቁርኣን አስተማሪ ነበር። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው አንዱን ለፀጉር ላጭ ሰጠው። በእኛ አገር ፀጉር የሚላጨው ሰው ይገርዛል፣ ያግማል፣ የዓይን ሞራም በመርፌ እገፋለሁ ይላል። ዓይኑን አፈሰሰው። ሁለተኛውን ባራው ለማንም አላስነካም፤ እንደተጋረደ ቀረ። ቁርኣኑን ሙሉውን በቃሉ ይዞት ስለነበር እኛ ጋ ሲመጣ የሰፈሩን ልጆች በቃል ያስቀራ ጀመር፤ ውሎ አድሮም አለቃው ዳኛ አደረጉት። ረጋ ያለ ሰው ነው። ተከሳሽም ከሳሽም ተናግሮ እስኪደክመው ይሰማል፣ ከዚያ የተናገሩትን አንድ ቃል ሳይጥል መልሶ ይነግራቸዋል። ብዙ ጊዜ የገዛ ንግግራቸውን ሲሰሙ አፍረው ይታረቃሉ።

አለቃው ስለ ጋብቻ ሲያነሡባት ታሳላ ባራውን ራሱን አስጠርታ ጠየቀችው።

«እውነት አታይም?»

«ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች አውቃለሁ። ከዚያ ውጪ የለም።»

«እኔንስ?»

«አንቺን በድምፅሽ ነው የማውቅሽ። እሱም ቁጣ ቁጣ ይለዋል።»

ሳቀች። ስለ ነጋዴውም ነገረችው፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እንግዳው መሳቁን የሰማ እሱ ነው። ባራው «አንቺ ያለሽበት ስሜን ሳልናገር አልገባም» አላት። ቃሉንም ጠበቀ። ያን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ፣ ለውዱእ መታጠቢያ ውሃ ሊቀዳ ደርሶ ሲመለስ እንኳ «ባራው ነኝ» ሳይል ደጃፉን አልፎ አያውቅም። ካንዴ የምትባለው ጎረቤታቸው፣ ምላሷ ከቢላ የሚብስ ሴት፣ «ይሄ ሰውዬ ስሙን እንዳይረሳው ነው የሚያጠናው?» እያለች ታሾፍበት ነበር። ልጅ አልወለዱም። ይሄም አለ በሕይወታቸው ውስጥ፤ ማንም ግን ስለሱ ሲያወሩ አልሰማም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ራዲዮው የዓይን ሐኪሞች ከሩቅ መምጣታቸውን፣ የዓይን ሞራ በነፃ እንደሚገፍፉ ተናገረ። ባራው ማታ ላይ «ልሞክር ወይ?» አላት።

«ምን ጎደለብህ?»

«ማንበብ» አለ። «በቃሌ አለ፣ አዎ። ግን ገጹ ይናፍቀኛል። እጄን ሳስኬድበት ወረቀት ብቻ ነው የሚሆንብኝ።»

ታሳላ የያዘችውን ቃጫ አስቀመጠች። ትወደዋለች፤ የሚወዱትን ሰው ደግሞ ዕውር ሆነህ ቅርልኝ አይሉትም። «ሂድ» አለችው። «ብታይ ግን ንገረኝ። ሌላ ምንም አልልህም፣ ብቻ ንገረኝ።»

በማግስቱ ካንዴ ይህን ሰምታ ወንበሯን እየጎተተች መጣች። «ካንዴ ነኝ። አንቺ ሴትዮ፣ ሰውየው ቢያይስ?»

«መሐላ መሐላ ነው። እወጣለሁ።»

«በዚህ ዕድሜሽ? የት ልትሄጂ?»

«አላውቅም።»

ባራው ይህን ከግድግዳው ማዶ ሰምቷል። መስማቱን ታሳላ አላወቀችም፤ ጆሮዋ ያን ቀን ካንዴን በማዳመጥ ተጠምዶ ነበር።

በፋሻ ታስሮ ተመለሰ። ፋሻው የሚፈታበት ቀን ደርሶ ሄደና ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ «ባራው ነኝ» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «አልተሳካም። ሥሩ ደርቋል አሉኝ።» ታሳላ እጁን ያዘችው፣ አይዞህ አለችው። ውስጧ ግን ደስ አለው። ባሏ ዓይኑን ስላላገኘ ደስ ያለው ልብ ምን ዓይነት ልብ ነው ብላ በራሷ አፈረች። ያን ሰሞን ሳትጠየቅ ፉራ የሚባለውን የማሽላ ድብልብል በወተት በጥብጣ፣ የባቄላ ቂጣውን ጠብሳ፣ እንደ ሙሽራ ተንከባከበችው። የጥፋተኝነት ነገር እንዲህ ነው፤ ሰውን ደግ ያደርጋል።

ከዚያ የበረሃው አቧራ የሚነፍስበት ወር ገባ። ከንፈር የሚሰነጥቅ፣ ጉሮሮ የሚያደርቅ ነፋስ ነው። ታሳላ አንዳንድ ነገር ይታወቃት ጀመር። ባራው የመግቢያው ክፍል ዝቅ ያለ ጉበን ላይ ድሮ ግንባሩን እየገጨ «አስተግፊሩላህ» ይል ነበር፤ አሁን አይገጭም። ጣቶቹ የቀለም ሽታ አላቸው። ስትጠይቀው የልጆች ሰሌዳ ተሸክሜ ነው አላት፤ የእኛ ልጆች ግን በሰሌዳ አይማሩም። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ ገመዷን ስትገምድ ቤቱ ውስጥ አንድ ዝምታ አለ። የቀድሞው የባራው ዝምታ ወደ ውስጥ የሚያስብ ሰው ዝምታ ነበር። ይሄኛው ወደ እሷ የዞረ ነው። እጇን ፀጉሯ ላይ ታደርጋለች፣ ሻሿን ታስተካክላለች። ለማን እንደምታስተካክል ግን አትናገርም።

ልትጠይቀው ትችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ግን ከጠየቀች መልስ ይመጣል፣ መልስ ከመጣ መሐላው ይመጣል፣ መሐላው ከመጣ ዱላዋን ይዛ መውጣት ይመጣል። እግሯ ያብጣል፣ ወገቧ አይታጠፍላትም። ስንት ጊዜ ነው አንድ ሰው ከቤት የሚወጣው? ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው። ሌሊት እሱ ሲያንኮራፋ ነቅታ ትተኛለች፣ ጠዋት «እንዴት አደርክ» ትለዋለች። ያ ነው ያደከማት፣ ሥራው አይደለም።

ነገሩ የወጣው በፍየል ምክንያት ነው። ታንኮ የሚባል ጎረምሳ አለ፤ እሱም እንደኛው ዕውር ነው፣ ነገረኛ ግን ነው። ፍየሉ ካንዴ የዘፈዘፈችውን ቃጫ በላችባት። ካንዴ ከሰሰች። በአለቃው መግቢያ ክፍል ምንጣፉ ላይ ሁላችንም ተሰብስበናል፣ ባራው በዳኛ ቦታው፣ ታሳላ ከአጠገቡ፤ ቃጫው የማን እንደሆነ ዳስሳ እንድትመሰክር ተጠርታ ነው። ታንኮ ራሱ ገና አልመጣም።

«ፍየሏ የታንኮ መሆኗን በምን አወቅሽ?» አሉ አለቃ ሸካራው።

«በሽታዋ። ቁርጥ እንደ ባለቤቷ ነው የምትሸተው።»

ምንጣፉ በሳቅ ተናጋ። ባራው ራሱ ሳቀ። የተናገረውም እየሳቀ ነው፦ «ሰማህ ታንኮ? በል ግባ፣ እዚያ በሩ ላይ ምን ይገትርሃል?»

ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ማንም ስሙን አልተናገረም ነበር። በር ላይ ሰው መኖሩን ከመካከላችን ያወቀ አልነበረም።

«ማለም» አለ ታንኮ ከበሩ ሆኖ፣ «እኔ እኮ ገና ስሜን አልተናገርኩም።»

«ለምን አልተናገርክም?» አሉ አለቃው።

«ካንዴ ምን እያለች እንደሆነ ልስማ ብዬ ነው ጌታዬ። ጎሮውን እቀጣለሁ፣ ጥፋቴ ነው። ግን ማለም በምን አወቁኝ?»

«ኮቴህን ሰማሁ» አለ ባራው።

«በባዶ እግሬ ነኝ።»

«ትንፋሽህን እንግዲህ…»

አለቃ ሸካራው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ በየቃሉ መሐል ያርፋሉ። «ታሳላ» አሉ። «አንቺ አጠገቡ ነሽ። በዚህ ሰፈር እንዳንቺ ያለ ጆሮ የለም። ታንኮ መምጣቱን ሰምተሽ ነበር?»

ሰምቼ ለባሌ ሹክ አልኩት ብትል ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ማንም አይከራከራትም። ቤቷ ቤቷ ይሆናል፣ ባሏ ዳኛ ይሆናል፣ እሷም መሐላዋን ሳታፈርስ ታረጃለች፤ ያልተነገራትን እንዳላወቀች ሆና። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ባራው አጠገቧ ትንፋሹን ይዟል። እንድትዋሽለት እየጠበቀ መሆኑ ገባት። እንደ ነጋዴው እንግዳ፣ ውሸት ይዞባት ቤቷ ገብቶ ነበር፤ አሁን ደግሞ ውሸቱን እሷው እንድታጎርሰው ይፈልጋል።

«አልሰማሁም» አለች።

ነፋሱ በሩን ያንቋቋል።

«አየሁት» አለ ባራው።

አለቃው «ከመቼ ጀምሮ?» አሉ።

«ፋሻው ከተፈታ ጀምሮ። በአንዱ ዓይኔ። ጥርት አድርጌ።»

«ከዚያ ወዲህ ምንጣፋችን ላይ ተቀምጠህ የፈረድከው?»

«በጆሮዬ ነው የፈረድኩት፣ ወላሂ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተቀመጥኩት። ዛሬ ሳቁ አስረሳኝ።»

«እንደዚያም ሆኖ» አሉ ሸካራው፤ ቁጣ አልነበራቸውም፣ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «ሌላው ችሎት ሁሉ የዓይናሞች ነው ባራው። ንጉሥም ዳኛም ፖሊስም እነሱ ናቸው። ለእኛ ይቺ ምንጣፍ ብቻ ናት ያለችን። ካየህ አንድ ነገር ነው፣ እንኳን ዓይንህን ሰጠህ። ግን አይተህ አላይም ብለህ በመካከላችን ተቀመጥክ። እኛ ደግሞ ሰው በመካከላችን ሆኖ እያየን መኖሩን የምናውቅበት ዘዴ የለንም። ቃሉ ብቻ ነው ያለን። ከምንጣፉ ተነሣ። የፈረድከው ሁሉ እንደገና ይታያል።»

ባራው ተነሣ። «የዋሸሁት ለሷ ብዬ ነው» አለ። «ዓይናማ ባል ካለኝ እወጣለሁ ስትል ሰምቻታለሁ።»

«እሱ የሁለታችሁ ነው» አሉ አለቃው። «ታሳላ፣ መሐላሽን ከተውሽ የመሐላ ማፍረሻውን ጾም ታውቂዋለሽ። ከወጣሽም ሚስቴ ጋ ቦታ አለ። እኔ በዚህ አልፈርድም።»

መንገዱን ታሳላ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ሄዱ። ዱላዋን ድንጋዩ ላይ ከወትሮው አጥብቃ ትመታ ነበር። ቦዩ ጋ ሲደርሱ እጇን ሊይዝ ተጠጋ፤ «ተወኝ» አለችው፣ ተዋት። ግቢያቸው ገብታ ቃጫዋ ያለበት ቦታ ቁጭ አለች። እሱ ቆሟል።

«ስማ» አለችው። «የፊተኛው ባሌ ያየኝ ነበር፣ ግን ያ ባዕድ ነው። ባዳ ነው፣ ምን አውቆኝ። አንተ ግን ነግሬህ ነበር። እንግዳው መሳቁን ነግሬሃለሁ። እሱን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ያን እያወቅክ ነው ቆመህ ያየኸኝ።»

«እንዳላጣሽ ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ቢገባኝም ያቃጥለኛል።»

ቃጫዋን ወደ ጭኗ ሳበችና «ምን አየህ?» አለችው። «ይሄን ሁሉ ቀን ስታየኝ ምን አየህ? አርጅቻለሁ? አስቀያሚ ነኝ? የታየውን ነገር ለባለቤቱ መንገር ይገባል።»

ባራው ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ታለቅሻለሽ» አላት። «ገመድ ስትገምጂ። ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽሽም አይቆራረጥም። ዕንባው ዝም ብሎ ይወርድና ቃጫው ላይ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ያን ቀን ብቻ መሰለኝ። በየቀኑ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አጠገብሽ ተቀምጬ ደህና ነሽ ብዬ ነበር የማስብ።»

የታሳላ እጅ ቆመ። ከልብ ካለቀሱ ዕንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷ ዕንባ ግን ማንም የማያውቀው፣ ከአባቷ ቤት ጀምሮ የራሷ የሆነ ብቸኛ ነገር ነበር። ዕውር አገር ለዚህ ይመቻል። ድምፅሽን ከያዝሽ ፊትሽ የራስሽ ነው። እሷ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ኀዘን በኮቴ ለይታ እያወቀች፣ የእሷን ማንም ሳይሰማት እዚህ ደርሳለች፤ ቢሰማት ትጠላ ነበር፣ ባይሰማትም ከፍቷት ነበር። ይህን ለራሷም ነግራት አታውቅም። አሁን ከባሏ አፍ ስትሰማው ፊቷ በእሳት የተለበለበ መሰላት። እንደተሰረቀች ሆነባት። እንደተገኘችም ሆነባት። የቱን ትያዝ?

«ለምን ያኔውኑ አልጠየቅከኝም?» አለች።

«በምን አወቅህ ብትዪኝስ?»

እውነቱን ነው። ውሸቱ አፉን ዘግቶበት፣ ሚስቱ ስታለቅስ ቁጭ ብሎ ሲያይ ከረመ። እሱም ቀላል አይደለም መቼም። ታሳላ ይህን አሰበችና ልታዝንለት ፈለገች፤ ደግሞ ለማን ለማን አዝናለሁ አለች።

«ሂድ እንዳልልህ ደክሞኛል» አለችው። «ና እንዳልልህ ደግሞ አልቻልኩም። አሁንም እያየኸኝ ነው አይደል?»

«አዎ።»

እጆቿን መሬት ላይ ተደግፋ፣ ወገቧ እየተንቋቋ፣ ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች። ሻሿን ጎትታ እስከ ጉንጯ አወረደችው። ፊቷን ከሰው ለመሰወር ስትዞር በዕድሜዋ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ዕንባውም እንደ ልማዱ መውረድ ጀምሮ ነበር።

«እንግዲህ አትየኝ» አለችው። «እንደ ሰው ጠይቀኝ።»

ባራው ጉሮሮውን ጠረገ፣ አቧራው ይሁን ሌላ እንጃ።

«ታሳላ» አለ፣ «ለምንድን ነው የምታለቅሺ?»

«ረጅም ነው» አለች። «ቁጭ በል።»